አንድ ሚሊዮን መስመርና አንድ ሌሊት፦ ከዳታቤዝና ከፋይል የቱ ይፈጥናል?

በአዲስ አበባ ለወጣት ፕሮግራመሮችና ለመረጃ ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም አንዱን ጨምሬአለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕስ በየቢሮው የሚነሳ ክርክር ነው። አንዱ «መረጃውን በሲኤስቪ አስቀምጠን ከፋይሉ ብናነብ ይሻላል፤ ዳታቤዝ ይንቀራፈፋል» ይላል። ሌላው «ዳታቤዝ የተሠራው ለፍጥነት አይደል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሲጦፍ ሁለቱም ላፕቶፓቸውን ከፍተው በቁጥር ያሳያሉ፤ የሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። አንደኛው የለካው ሰንጠረዡን በሙሉ ሲያነብ ነው፤ ሌላኛው የለካው የአንድ ደንበኛ መዝገብ ሲፈልግ ነው። ስለተለያየ ሥራ እየተነጋገሩ መሆኑን ግን አላስተዋሉም።

ተራ ፋይል ስል በመስመር በመስመር የተጻፈ፣ ዓምዶቹ በኮማ ወይም በታብ የተለዩ፣ ኢንዴክስ የሚባለው የመፈለጊያ ማውጫም፣ የሚገባውን የሚፈትሽ ጠባቂም የሌለው ፋይል ማለቴ ነው፤ ሲኤስቪ የዚህ ዓይነት ፋይል ነው። ዳታቤዝ ስል ደግሞ መረጃውን በሰንጠረዥ ይዞ የሚጠብቅና የሚፈልግልን ፕሮግራም ማለቴ ነው።

እኔ ነገሩ የገባኝ በአንድ ክፉ ሌሊት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞቹን መዝገብ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ዳታቤዝ እንድናዛውርለት ሰጠን። አሮጌው ሲስተም ማውጣት የሚችለው ሲኤስቪ ፋይል ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን መስመር በላይ። ፋይሉን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከፍተን መስመሮቹን ስንቆጥር ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጀብን። ደስ አለን። ከዚያ መስመሮቹን እያነበበ አንድ በአንድ፣ ኢንሰርት በሚባለው የማስገቢያ ትእዛዝ፣ ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባ ፕሮግራም ጽፈን፣ ሲመሽ አስነስተነው ወደ ቤታችን ሄድን። ጠዋት ስንመጣ ገና እየሠራ ነው። በዚያ ቀን ሠራተኞቹ በአዲሱ ሲስተም አገልግሎት መስጠት ነበረባቸው፤ አልቻሉም። ሰው ወረፋ ይዞ ቆመ። አንድ ባልደረባዬ «ይኸው፣ ፋይሉ በሰከንድ ይነበባል፤ ዳታቤዙ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልጨርስ አለ» አለ። እኔም ተስማማሁ። ድምዳሜያችን ስህተት ነበር።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ፕሮግራሙ ኢንሰርት የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ሲልክ፣ ማለትም መጀመሪያ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚገባ ወይም ሁሉም አብሮ የሚቀር የሥራ ጥቅል) ሳይከፍት ሲልክ፣ ዳታቤዙ እያንዳንዱን መስመር ራሱን የቻለ ትራንዛክሽን አድርጎ ይወስደዋል። ትራንዛክሽን ሲዘጋ ደግሞ ዳታቤዙ ቃል ይገባል፦ «ይህ መስመር አሁን መብራት ቢጠፋ እንኳ አይጠፋም።» ቃሉን ለመጠበቅ መረጃው ከሜሞሪ ወጥቶ ዲስኩ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ዲስኩን ይጠብቃል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ የሠሩት ሰዎች በራሳቸው ሰነድ እንዳስቀመጡት አንድ ትራንዛክሽን በተለምዶ ሁለት ሙሉ ዙር ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ በሰከንድ 60 ገደማ ትራንዛክሽን ነው የሚያልፈው። አንድ ሚሊዮንን ለ60 አካፍሉት። ከ16,000 ሰከንድ በላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል። እነዚሁ ሰዎች በዚያው ሰነድ ላይ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በሰከንድ 50,000 ኢንሰርት በቀላሉ እንደሚሠራ ይናገራሉ። በዚህ ፍጥነት አንድ ሚሊዮን መስመር 20 ሰከንድ ነው። ዳታቤዙ ያው ነው፣ ዲስኩ ያው ነው፣ ትእዛዙም ያው ኢንሰርት ነው። ልዩነቱ ሚሊዮኑ መስመር በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መግባቱ ወይም በሚሊዮን ትራንዛክሽን መበተኑ ነው። የዛሬዎቹ የማይሽከረከሩ ዲስኮች ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ፤ መጠበቁ ግን አልቀረም፣ አጠረ እንጂ።

ጤፍ በእፍኝ በእፍኝ ወደ ወፍጮ ቤት እያመላለሰ የሚያስፈጭ ሰው አስቡ። አንድ እፍኝ ይዞ ይሄዳል፣ ተራ ይይዛል፣ ያስመዝናል፣ ያስፈጫል፣ ይከፍላል፣ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል፤ እንደገና ለሁለተኛው እፍኝ ይነሳል። ሲመሽ ግማሽ ጆንያ እንኳ አልፈጨም። እንዲህ ያለ ሰው ወፍጮው ዘገምተኛ ነው ቢለን አንቀበለውም። እኛ ያን ሌሊት ያደረግነው ይህንኑ ነው።

መንገዱ ሲረዝም ነገሩ ይብሳል። ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነና አንድ ደርሶ መልስ አንድ ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ሚሊዮን ምልልስ 1000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 17 ደቂቃ። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ያለ ክላውድ ላይ ሆኖ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። 150,000 ሰከንድ፣ ወደ 42 ሰዓት ገደማ በመንገድ ብቻ ያልቃል፤ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን። «ክላውድ ላይ ስናወጣው ዘገየ» የሚል ቅሬታ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ ብዬ ነው።

ሁሉም ትልልቅ ዳታቤዞች ጆንያውን በአንዴ የሚቀበሉበት በር አላቸው። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ኮፒ ይባላል፤ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሎድ ዳታ ይባላል። የማይኤስኪውኤል ሰነድ ሎድ ዳታ ከኢንሰርት አብዛኛውን ጊዜ 20 እጥፍ እንደሚፈጥን ይገልጻል። ሌላም ትርፍ አለ። ባዶ ሰንጠረዥ ላይ ብዙ መረጃ ስትጭኑ ኢንዴክሶቹን በኋላ ብትፈጥሯቸው ይሻላል። ኢንዴክሱ ቀድሞ ካለ እያንዳንዱ መስመር በገባ ቁጥር ዳታቤዙ በኢንዴክሱ ዛፍ ውስጥ ቦታውን እየፈለገ መሰካት አለበት፤ ኢንዴክሱ ከጭነቱ በኋላ ሲሠራ ግን ሁሉንም በአንዴ ደርድሮ ይገነባዋል።

እኛም በማግስቱ ፕሮግራሙን ጥለን በኮፒ ሞከርነው። ፀሐፊያችን ቡና አፍልታ ነበር፤ አቦሉ ሳይጠጣ ኮፒው ቆመ። አልቆ ግን አይደለም። አንድ መስመር ላይ «ይህ ቀን የለም» ብሎ ነው የቆመው። ቀኑ «2016-02-30» ይላል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ የእኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ለዳታቤዙ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ለጻፈው ሰው ግን ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፤ ጥቅምት 30 ደግሞ እንደማንኛውም ቀን ያለ ቀን ነው። ፋይሉ ይህን ቀን ያለምንም ተቃውሞ ተሸክሞ ኖሯል። ፋይል አይጠይቅም፤ የሰጡትን ይይዛል። የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ደግሞ ስህተት ሲያጋጥመው እየዘለለ እንዲቀጥል አድርገን ነበር የጻፍነው። ያ ሌሊቱን ሙሉ የዘገየ ጭነት እንደነዚህ ያሉትን ደንበኞች በዝምታ እየጣለ ነበር የሚሄደው። ባናቆመው ኖሮ ባንኮኒ ላይ ቆመው «መዝገብዎ የለም» የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ማፍሰሳችንንም አላወቅንም።

የሚያስፈራው ደግሞ ያልተያዘው ነው። ጳጉሜን 5 በ«13-05» ከተጻፈ ዳታቤዙ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና። ኅዳር 15 ቀን 2016 ግን «2016-03-15» ተብሎ ሲመጣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ይቀበለዋል፤ እንደ ማርች 15 ቀን 2016። ትክክለኛው ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 2023 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጓዘ። የተመለሱት ጥቂት ቀኖች የሚነግሩን ሌሎቹ ሁሉ መፈተሽ እንዳለባቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮፒ የምጭነው መጀመሪያ ወደ ማረፊያ ሰንጠረዥ ነው፤ ዓምዶቹ ሁሉ ተራ ጽሑፍ የሆኑ፣ ምንም የማይመልስ። እሱ በፍጥነት ይሞላል። ከዚያ ቀኖቹን እቀይራለሁ፣ በ09 የሚጀምር ስልክ በኤክሴል ሲያልፍ ዜሮውን አጥቶ እንደሆነ አያለሁ፣ ስሞችን አስተካክላለሁ፤ የተጣራውን ወደ ዋናው ሰንጠረዥ አሳልፋለሁ፤ ያልተጣራውን ለሰው ዓይን አስቀራለሁ።

ስሞችን ስል፣ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ስም ናቸው። ለኢንዴክሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወይዘሮዋ መጥተው ስማቸውን ሲናገሩ ጸሐፊው በሌላኛው ፊደል ከጻፈው፣ በሚሊሰከንድ የሚመለሰው መልስ «የለም» የሚል ነው። ፈጣን፣ ግን የተሳሳተ። እኔ በጭነት ሰዓት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ ዓምድ እጨምራለሁ፤ ፍለጋው በዚያ ዓምድ ይሆናል፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን እንዳለ ይቀመጣል። ይህ ጭነቱን ያዘገያል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዘገየው፤ ፍለጋው ግን በየቀኑ ነው።

አሁን ወደ ማንበቡ እንሂድ። እዚህ ላይ የፋይል ደጋፊዎች እውነት አላቸው። ሰንጠረዡን በሙሉ ወደ ፓንዳስ፣ ወደ ፓይተን የመተንተኛ መሣሪያ፣ አምጥታችሁ ለመተንተን ከፈለጋችሁ፣ ከሩቅ ዳታቤዝ መሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይል ማንበብ ይዘገያል። ምክንያቱ ዳታቤዙ መረጃውን ለማግኘት መቸገሩ አይደለም። ያገኘውን እያንዳንዱን ዋጋ አሽጎ በኔትወርክ ይልከዋል፤ እዚህ ያለው ሾፌር የሚባለው አገናኝ ፕሮግራም ይፈታዋል፤ ፓይተን ደግሞ ለእያንዳንዱ ዋጋ አንድ ዕቃ ይፈጥራል። ያን ጊዜ በአምስተርዳም በሲደብልዩአይ የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ማርክ ራስቬልትና ሃነስ ሙሌይዘን በ2017 ይህንኑ ለክተው ጽፈዋል፤ ትልቅ ውጤት ሲተላለፍ ጊዜውን የሚበላው ይህ የማሸግና የመፍታት ሥርዓት እንደሆነ አሳይተዋል። ሁለቱ ሰዎች በ2019 ዳክዲቢን ይዘው ወጡ፤ በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ሲኤስቪንም ሌሎች ፋይሎችንም በቀጥታ የሚጠይቅ ዳታቤዝ። መንገዱ ካልኖረ ማሸጉም አይኖርም ማለት ነው።

ሲኤስቪም ቢሆን ነፃ አይደለም። 1234567890 የሚለው ቁጥር በጽሑፍ 10 ባይት ነው፤ በኮምፒውተሩ አኃዝ 4 ባይት ይበቃዋል። አንባቢው ኮማ የት እንዳለ፣ ጥቅስ የት እንደተከፈተ ለማወቅ እያንዳንዱን ባይት ማየት አለበት፤ ከዚያ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይቀይራል። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሥርዓት እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ «አበበ» 9 ባይት ነው። ከ40 ዓምድ ሁለቱን ብቻ ብትፈልጉ እንኳ የሲኤስቪ አንባቢ በ40ዎቹ ላይ ማለፍ ግድ ይለዋል። በ2013 ከትዊተርና ከክላውዴራ የወጣው ፓርኬት የሚባለው የፋይል ዓይነት ይህንን ነው የፈታው፦ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው አከማችቶ፣ ጨምቆ ያስቀምጣል፤ በየክፍሉ ትንሹና ትልቁ ዋጋ ስንት እንደሆነም ሊመዘግብ ይችላል። ያልፈለጋችሁት ዓምድና ያልፈለጋችሁት ክፍል ከዲስክ ጭራሽ አይነሳም። በየወሩ አንድ ዓይነት ትልቅ ሪፖርት የምትሠሩ ካላችሁ፣ መረጃውን አንድ ጊዜ ወደ ፓርኬት ለውጣችሁ ሞክሩት።

አንድ መዝገብ ብቻ ስትፈልጉ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በፋይል ውስጥ አንድ ስልክ ቁጥር ለማግኘት ከላይ ጀምሮ ማንበብ ነው፤ ከሌለ ደግሞ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እስከ መጨረሻው። ዳታቤዙ በኢንዴክስ ዛፍ ይወርዳል። የፖስትግሬስ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነው። በአንድ ገጽ 300 ቁልፍ ቢይዝ፣ ሦስት ደረጃ 27 ሚሊዮን መዝገብ ያዳርሳል። ሦስት ገጽ ለኢንዴክሱ፣ አንድ ለመዝገቡ። መረጃው አሥር እጥፍ ቢያድግ ፋይሉ አሥር እጥፍ ይዘገያል፤ ዛፉ ቢበዛ አንድ ደረጃ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይህ ነው። ዳታቤዝ ያው መጨረሻው ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ታዲያ ከራሱ ከፋይል ሊፈጥን ይችላል? በትንንሽ ፋይሎች ላይ ይችላል። ኤስኪውላይቶች 10 ኪሎባይት ገደማ የሆኑ ትንንሽ ምስሎችን በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጠው ሲያነቡ፣ እያንዳንዱን እንደ ፋይል ከማንበብ 35 በመቶ ያህል ፈጥኖ አግኝተውታል፤ የያዘውም ቦታ ወደ 20 በመቶ አንሷል። ፋይል መክፈትና መዝጋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ መቶ ሺህ ፎቶ መቶ ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዳታቤዙ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል። በ2006 ራስል ሲርስ፣ ካትሪን ቫን ኢንገንና ጂም ግሬይ በማይክሮሶፍት ምርምር ያደረጉት ጥናት ድንበሩን ለማስመር ሞክሯል፦ ከ256 ኪሎባይት በታች ዳታቤዝ፣ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ፋይል፣ በመካከል ያለው እንደ ሥራው። ያ በዚያ ዘመን ማሽን የተለካ ነው፤ ቁጥሩ በእናንተ ማሽን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለመታወቂያ ፎቶና ለተቃኘ የቤት ካርታ ግን መልሱ አንድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለ መለካት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋይል ስታነቡ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያነበበውን በሜሞሪ ያቆየዋል። ሁለተኛው ሙከራ ዲስኩን ላይነካ ይችላል። አንዱን በመጀመሪያ ንባብ፣ ሌላውን በሁለተኛ ንባብ ለክታችሁ አታወዳድሩ። መጻፍ ላይም እንደዚሁ፦ ፕሮግራማችሁ ወደ ፋይል ጽፎ «ጨረስኩ» ሲል መረጃው ገና ሜሞሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ዳታቤዙ ኮሚት ሲል፣ ማለትም ትራንዛክሽኑን ሲዘጋ፣ ግን ዲስክ ላይ አድርሷል። የመብራትን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ፋይሉም እስከ ዲስክ እንዲደርስ አስገድዳችሁ ከለካችሁ በኋላ ነው ሁለቱ የሚወዳደሩት።

ጥያቄ በተከፈተ ሰዓት አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። መረጃው በየቀኑ አንድ ሲኤስቪ እየሆነ ተከማችቷል፤ የአንድ ታካሚ የቀድሞ ምርመራ ለማግኘት ፋይሎቹን ሁሉ ትከፍታለች፤ ያላት አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው፣ ሰርቨር የለም። «ፖስትግሬስ ልጫን ወይስ በፋይሎቹ ልቀጥል?» አለችኝ።

«እኅቴ፣ ለአንድ ላፕቶፕ ኤስኪውላይት ይበቃሻል» አልኳት። «ሰርቨር አይፈልግም፤ ዳታቤዙ ራሱ አንድ ፋይል ነው። ያሉሽን ሲኤስቪዎች በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን አስገቢያቸው፤ ከዚያ በካርድ ቁጥሩ ላይ ኢንዴክስ ፍጠሪ። ዋናዎቹን ሲኤስቪዎች አትሰርዣቸው፤ ስህተት ብታገኚ መመለሻሽ እነሱ ናቸው።»

«በመካከል መብራት ቢጠፋስ? ባትሪው ደግሞ ሞቷል።»

«ያልተዘጋ ትራንዛክሽን እንዳልነበረ ይሆናል፤ ስትከፍቺው ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ቀርቶ አታገኚም፤ እንደገና ታስገቢያለሽ። በፍላሽ ኮፒ ስታደርጊ ግን ፕሮግራሙን መጀመሪያ ዝጊ፤ እየተጻፈበት ያለን ዳታቤዝ መገልበጥ ቅጂውን ሊያበላሸው ይችላል።»

ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠራኋት። «የካርድ ቁጥሩ በዜሮ ይጀምራል?» አልኳት።

«አዎ፣ የድሮዎቹ።»

«እንግዲያው ዓምዱን ቁጥር አታድርጊው፣ ጽሑፍ አድርጊው። ፋይሎቹንም ከዛሬ ጀምሮ በኤክሴል ከፍተሽ ሴቭ አታድርጊ።»